የከተማ ጥራጊ በኮሶ ዳር መስክ

ሐሙስ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ጎንደር

ከቤት የወጣሁት ወፍ ሳይንጫጫ ነው። የጥምቀት ሰሞን ብርድ ጆሮ ይቆርጣል። ጭጋጉ ከቀሃ ወንዝ ተነሥቶ ሠፈሩን ሁሉ ውጦታል፤ የሚታየው የግንቡ አናትና በላዩ የተሰቀለው የጣሊያን ባንዲራ ብቻ ነው። በቦርሳዬ ለእህቴ የሰፋሁላት ቀሚስ፣ ትንሽ ስኳርና ለመንገድ የያዝኩት የሽምብራ ቆሎ አለ።

መርሻ እባላለሁ፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። ጣሊያን ጎንደር ከገባ ወዲህ ሥራዬ የወታደር ሱሪ መጣፍ ሆኗል። ለጥምቀት ግን መርፌና ክር አስቀምጬ ወደ ተወለድኩበት ወደ ኮሶ ዳር እወጣለሁ። ኮሶ ዳር ከኮሶዬ አለፍ ብሎ፣ ከወገራ ደጋ ጠርዝ ላይ ያለች መንደር ናት። እዚያ እህቴ ጥሩነሽና ባሏ አያ ውበቱ አሉ። መስኩም አለ።

መስኩን ላላየ ሰው እንዴት ልንገረው? ሰፊ ነው፤ ለጥ ያለ ነው። በአንድ ወገን ገደሉ አፉን ከፍቶ እስከ ቆላው ድረስ ያሳያል፤ በሌላው ወገን ከኮሶ ዛፎች ሥር ምንጭ ይፈልቃል። ማንም አያርሰውም። በገና ጎልማሳው ሩር ይመታበታል፤ በጥምቀት ታቦት ያድርበታል፤ ታቦቱ ሲገባ ደግሞ ጉግስ ይጋለብበታል። ሌላ ጊዜ ሽማግሌዎች ፀሐይ ይሞቁበታል፤ ልጃገረዶች ይዘፍኑበታል። ለብቻው የኔ ነው የሚል ሰው ኖሮ አያውቅም።

በእግር ሙሉ ቀን ስለሚፈጅ ወደ ሰሜን በሚወጣው መንገድ ላይ ቆሜ ማኪና ጠበቅሁ። የመጣው ወልዱ ነው። ወልዱ ከአሥመራ የመጣ ሾፌር ነው፤ ኮቱን አንድ ጊዜ ጠቅሜለታለሁ።

«ወደ ኮሶዬ ነህ?» አልኩት።

«ነኝ። ጋቢና ሰው እንዳላስገባ ተከልክያለሁ። ከላይ ውጣ።»

ወጣሁ። ሁለት የቀን ሠራተኞች ፊታቸውን በጋቢ ሸፍነው ተቀምጠዋል። ጭነቱ በሸራ የተሸፈነ በርሜል ነው። ማኪናው ገና ከከተማው ሳይወጣ አንድ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ፤ የበሰበሰ ዓሣ፣ የተቃጠለ ዘይት፣ የኮመጠጠ ወይን። ቆሎዬን መልሼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

«ምንድን ነው የጫናችሁት?» ብዬ አጠገቤ ያለውን ጠየቅሁት።

ሰውየው ጋቢውን ይበልጥ ወደ ዓይኑ ሳበው።

ሐሙስ፣ ረፋድ፣ ኮሶ ዳር

ዳገቱን ስንጨርስ ፀሐይ ወጣች። ድንጋይ የተነጠፈበት መንገድ ነው፤ የኛ ሰዎች በግዳጅ ፈልጠው ያነጠፉት። የገብስ ክምር፣ በነጭ በጎች የተሞላ ተረተር፣ ከሩቅ ሰማያዊ የሆነ ገደል እያየሁ ሽታውን ረስቼው ነበር። ከዚያ ማኪናው ከመንገዱ ወጣና በቀጥታ ወደ መስኩ ገባ።

ወደ እህቴ ቤት ሊያደርሰኝ መስሎኝ ደስ አለኝ። ማኪናው ቆመ። ሠራተኞቹ ዘለው ወረዱ፤ ሸራውን ገፈፉ፤ የመጀመሪያውን በርሜል አንከባለው ሣሩ ላይ ገለበጡት።

ጣሳ፣ የተሰበረ ጠርሙስ፣ የዓሣ አጥንት፣ የዛገ ሽቦ፣ ያገለገለ ምላጭ፣ በጥቁር ዘይት የራሰ ጨርቅ። የመኮንኖች መዝናኛ ቤት፣ የቡና ቤቱና የጋራዡ ጥራጊ ሁሉ፣ ከነገ ወዲያ ታቦት ሊያድርበት በተዘጋጀው መስክ ላይ ተዘረገፈ።

«ወልዱ! ምን እያደረግህ ነው?»

«ሥራዬን።»

«ይህ እኮ የታቦት ማደሪያ ነው! ሰው የሚጫወትበት መስክ ነው!»

«እኔ የታዘዝኩትን ነው የምሠራ። ባለ በርሜሉን ጠይቀው።»

ባለ በርሜሉ የከተማውን ጥራጊ ለማስወገድ ኮንትራት የያዘ ጣሊያን ነው። ስሙን የሚጠራ ሰው አላውቅም። ወልዱ ወደ ሠራተኞቹ ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ከእኔ ሰማሁ እንዳትል። ጥራጊው የሚጣልበት ጉድጓድ ከአዘዞ ወዲያ ተቆፍሮለታል። ኮንትራቱም እዚያ እንዲጥል ነው። እሱ ግን ከዚህ ደን ማገዶ አስቆርጦ ለዳቦ ቤቶች ይሸጣል። ማኪናው ለማገዶው ባዶውን ከሚወጣ ጥራጊውን ይዞ ይውጣ፣ እግረ መንገዱን ይድፋ አለ። ሁለት መንገድ ናፍጣ ማቃጠል አይፈልግም። ወታደሩም አያውቅም።»

ዞሬ ሳይ ያሁኑ የመጀመሪያው አልነበረም። ከኮሶዎቹ ሥር የቆየ ክምር አለ፤ ሣር በቅሎበታል፤ ከሣሩ መሐል ጠርሙስ ያብለጨልጫል። ከክምሩ ሥር የወረደው ዘይት ምንጩ ላይ ተንሳፍፎ እንደ እርግብ አንገት ቀለሙ ይለዋወጣል።

ጥሩነሽ ማኪናውን አይታ እየሮጠች መጣች። ከማኪናው ስወርድ ስታየኝ ቀጥ ብላ ቆመች። አልሳመችኝም።

«ምነው መርሻ? አንተም ከዚህ ጋር መጣህ?»

ያን ጊዜ የተሰማኝን ንዴት አሁንም፣ ጣሊያን ወጥቶ በነፃነት ይህን ስጽፍ፣ ደረቴ ውስጥ አገኘዋለሁ። ጎንደር ከተማ ስንት ባዶ ቦታ እያላት፣ የተቆፈረ ጉድጓድ እያለ፣ አንድ ሰው ናፍጣ ለመቆጠብ ሲል አያት ቅድመ አያቶቻችን እርሻ እንኳ ያልነኩትን መሬት የጣሳ መጣያ ያደርገዋል!

«ለሹሙ አልነገራችሁም?» አልኳት።

«ነግረናል። የመንግሥት ማኪና ነው፣ አፋችሁን ያዙ አለን። ባለፈው ዓመት ሽፍታ ደብቃችኋል ብለው የላይኛውን መንደር ሲያቃጥሉ አይተናል። ከዚያ በኋላ ማን ይናገራል?»

ዓርብ፣ ኮሶ ዳር

አያ ውበቱ ስልሳውን ያለፈ ሰው ነው። በወገራ ጉግስ ሲነሣ ስሙ አብሮ ይነሣል። ጠመንጃውን ጣሊያን ወስዶበታል፤ የቀረው ፈረሱ ዳማው ነው። ዳማውን ከልጆቹ ለይቶ አያየውም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ማለዳ ገብሱን በእጁ ያበላዋል፤ ውርጭ ሲሆን የራሱን ካባ ያለብሰዋል።

የዚያን ዕለት ጠዋት ፈረሱን ለጥምቀት ሊያፍታታው ወደ መስኩ አወጣው። እኔና ጥሩነሽ ከአጥሩ ላይ ሆነን የባቄላ አሹቅ እየበላን እናያለን። ዳማው መጀመሪያ ሶምሶማ ሄደ፤ ቀጥሎ ሽማግሌው ለቀቀው። እንዴት ያለ ሸጋ ግልቢያ ነበር! በዱላ ምትክ ሸምበቆ ይዞ፣ ወደ ኋላ ዞሮ የሚወረውርበትን እያሳየን፣ ነጠላው እንደ ክንፍ ተዘርግቶ ወደ ኮሶዎቹ በኩል ታጠፈ። በዚያው ፈረሱ ተንበረከከ።

ስንደርስ አያ ውበቱ ተነሥቷል። ጉልበቱ ተልጧል፤ እሱ ግን አላየውም። የዳማው የፊት እግር ከሸሆናው በላይ ጅማቱ ድረስ ተከፍቷል። የወይን ጠርሙስ አንገት ሣር ውስጥ ቆሞ ነበር፤ ገና ደሙ ይንጠባጠብበታል።

በነጠላ አሰርነው። ጨው በውሃ አድርገን አጠብነው። አያ ውበቱ እግሩን ይዞ ጅማቱን በጣቱ ዳሰሰ፤ ደግሞ ዳሰሰ። ከዚያ ፊቱን አዞረ።

«አይቆምም» አለ።

«አያ፣ እስቲ እስከ ነገ እንየው» አልኩት።

«ምኑን ነው የምናየው? እንዲህ እያቃሰተ ሊያድር ነው? ጠመንጃዬን ወሰዱት። በምን እንደምገላግለው ንገረኝ።»

ጥሩነሽን ቢላዋ እንድታመጣ ላካት። ሰው ሁሉ ዞር እንዲል ለመነ፤ ዞርን። በሠርግም በለቅሶም ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሰምቼ የማላውቀው ሰው፣ ከኋላችን ፈረሱን በስሙ እየጠራ ሲያባብለው ሰማን። ከዚያ ጸጥ አለ።

ከዳማው ቀብር መልስ ማንም ሰብሰቡ ሳይል መንደሩ ወጣ። ሴቱ በቅርጫት፣ ወንዱ በሰሌንና በአካፋ። ሣሩን በእጃችን እየበጠርን ጣሳውን፣ ጠርሙሱን፣ ሽቦውን ለቀምን። ቄሱ ቆባቸውን አውልቀው ጎንበስ ብለው ይለቅሙ ነበር። ከምንጩ አፍ ጭቃውን ከዘይቱ ጋር ዝቀን አዲስ ጠጠር አለበስነው። ሲመሽ ያ ሁሉ ጥራጊ ከመንገዱ ዳር እንደ መቃብር ተቆልሎ ቆመ።

ቅዳሜ፣ ኮሶ ዳር

ማኪናው ረፋዱ ላይ በግማሽ የተሞሉ በርሜሎች ጭኖ እንደገና መጣ። በዚህ ቀን ባለ በርሜሉ ራሱ ጋቢና ውስጥ ነበር፤ ማገዶውን ሊያይ ነው የመጣው። ጥሩነሽ ከሩቅ ስታየው ነጠላዋን ታጥቃ ወደ መንገዱ ሄደችና መሐሉ ላይ ተቀመጠች። ሌሎቹ ሴቶች ተከተሏት። ወልዱ ፍሬን ያዘ።

ባለ በርሜሉ ወረደ። አጭር ወፍራም ሰው ነው፤ የሳር ባርኔጣ አድርጓል፤ ፊቱ ቀልቷል። ይጮሃል፤ ሽጉጡን መዝዞ ወደ ሰማይ አሳየን። ወልዱ ያስተረጉማል።

«ተነሡ ይላል። ካልተነሣችሁ ወታደር እጠራለሁ ይላል።»

«ይጥራ» አለች ጥሩነሽ ከተቀመጠችበት ሳትነሣ። «ወታደሩ ሲመጣ፣ የከተማ ጥራጊ አዘዞ ያለው ጉድጓድ ትቶ እዚህ ምን ሊያደርግ እንደመጣ እንጠይቀዋለን። ተርጉምለት!»

ወልዱ አመድ መሰለ። ወሬው ከሱ አፍ መውጣቱን ባለ በርሜሉ እንደሚያውቅ ገብቶታል። አንገቱን ደፍቶ አስተረጎመ። ባለ በርሜሉ ጩኸቱን አቆመ። መጀመሪያ ወልዱን አየው፤ ቀጥሎ እኛን አየ፤ ከዚያ መንገዱን ግራና ቀኝ ቃኘ፤ ወታደር ይመጣ እንደሆነ የሚፈራው አሁን እሱ ነው።

ይህን ጊዜ አያ ውበቱ መጣ። ደም የደረቀበትን የጠርሙስ አንገት ይዟል። ሽጉጡን እንዳላየ ሆኖ እስከ ሰውየው ደረት ድረስ ቀረበና ጠርሙሱን በግራ እጁ ላይ አስቀመጠለት።

«ያንተ ነው» አለው በአማርኛ። «ዕቃህን ውሰድ።»

ይህን ለማስተርጎም ወልዱ አፉን አልከፈተም፤ አላስፈለገም።

ቁልሉን በሙሉ መልሰን ጫንነው። በርሜሎቹ ሞልተው የተረፈውን በሸራው ላይ ከመርንበት። ማኪናው ማገዶ ሳይጭን ዞሮ ቁልቁል ሲወርድ ሴቶቹ እልል አሉ። እኔም እንደ ልጅ ዘለልኩ።

ጥምቀት እንደ ወጉ ዋለ። ታቦቱ በንጹሕ መስክ አደረ፤ ካህናቱ አሸበሸቡ። ጉግሱ ግን ደበዘዘ። አያ ውበቱ ከኮሶ ሥር ተቀምጦ የሌሎቹን ፈረሶች አየ። ሰዎች ፈረሳቸውን እንዲጋልብ ለመኑት፤ አመስግኖ እንቢ አለ።

በሳምንቱ ሐሙስ፣ ወለቃ

መልሱን በእግሬ ነው የወረድኩት። ወለቃ ስደርስ ፀሐይ ዘቅዘቅ ብላለች። ወለቃ ከጎንደር አፍንጫ ሥር ያለች የቤተ እስራኤል መንደር ናት፤ ሴቶቹ ሸክላ ይሠራሉ፣ ወንዶቹ ብረት ይቀጠቅጣሉ። የጎንደር ጋን ሁሉ፣ የወገራ ማረሻ ሁሉ ከነሱ እጅ ይወጣል። ሌላ ጊዜ በመንገዱ ዳር የተደረደረ ድስትና ጀበና ነበር የሚቀበለኝ። አሁን ምንም የለም። ሰዎቹ ከመንገዱ በታች ባለው ጉድጓድ ዙሪያ ቆመዋል።

ወረድኩ። ለሸክላ የሚሆነው አፈር የሚቆፈርበት ጉድጓድ ነው። ውስጡ ጣሳ፣ ጠርሙስ፣ ሽቦ ሞልቶታል። ከላይ አንድ የተበጠሰ ሰሌን ተጥሏል፤ ጫፉን አየሁት፤ የጥሩነሽ ሰሌን ነው።

ባለ በርሜሉ ከኛ የወሰደውን አዘዞ ሳይደርስ፣ የሚያዝንላቸው የለም ካላቸው ሰዎች ደጅ ላይ ደፍቶታል።

አንዲት ጎልማሳ ሴት እጇን በጨርቅ ጠቅልላ ቆማለች። የኔነሽ ትባላለች። አፈሩን ስታወጣ ጠርሙስ መዳፏን ቆርጧታል። ሸክላ ሠሪ ያለ መዳፍ ምን ትሆናለች?

«ከየት እንደመጣ ታውቃለህ?» አለችኝ ዓይኔን አይታ።

«አውቃለሁ። ከኛ መስክ ነው። እኛ ነን መልሰን የጫንነው።» ሁሉንም ነገርኳት።

ሰምታ ስትጨርስ አልተቆጣችኝም፤ ወደ ጉድጓዱ ዞረች።

«ቅዳሜ ነው የመጣ። በሰንበታችን! ሥራ አንሠራም፣ ሸክም አናነሣም። ቆመን እያየነው ደፋው። እያየነው! ሰንበት እንደሆነ ያውቃል፤ እጃችንን እንደማናነሣ ያውቃል።»

«ለምን እስከ ዛሬ ሳታወጡት ቀራችሁ?»

«አውጥተን የት እናድርገው? ወደ ሌላ ሰው ደጅ?»

ይህ ጥያቄ መስኩ ላይ ከተሰማኝ ንዴት በላይ አቃጠለኝ። ኮሶ ዳር ላይ እልል ስንል ማንኛችንም አልጠየቅነውም።

ቦርሳዬን አስቀምጬ ጉድጓድ ገባሁ። ወጋቸው ከኛ ጋር መነካካትን ስለማይፈቅድ፣ እኔ የሞላሁትን ቅርጫት መሬት አስቀምጬ ፈቀቅ ስል የኔነሽ ወይም አንጥረኛው ባሏ ያነሡታል፤ ባዶውንም እንዲሁ መሬት ያስቀምጡልኛል። እንዲህ እየተቀባበልን እስኪመሽ ሠራን። የት እንደምንወስደው የወሰነችው እሷ ናት።

«የሰውየውን ቤት ታውቀዋለህ?»

«አውቀዋለሁ» አልኩ።

ዓርብ፣ ጎንደርና አዘዞ

ወደ ከተማዬ የገባሁት ጥራጊ ከጫኑ አህዮች ኋላ ነው። የባለ በርሜሉ ግቢ አዲሱ የጣሊያን ሠፈር ውስጥ ነው፤ አበባ የተተከለበት ጎዳና፣ ቀለም የተቀባ መስኮት፣ ማዶውን ዳቦ ቤት። እኛ እዚያ የምንገባው ጠርገን ለመውጣት ብቻ ነበር። ደጁ ላይ ስንደርስ ጭነቱን ፈታንና በሩ ላይ ዘረገፍነው። ጣሳው በድንጋዩ ላይ ሲንኳኳ ጎዳናው ሁሉ ሰማ።

መስኮቶች ተከፈቱ። ሴቶች አፍንጫቸውን በመሐረብ ይዘው ወጡ። ዳቦ ጋጋሪው እጁ ዱቄት እንደሆነ እየተሳደበ መጣ። ባለ በርሜሉ በካናቴራ ብቅ አለና እኔን ሲያይ ደረቀ። ወዲያው ካራቢኔሪ የሚባሉት የጣሊያን ፖሊሶች ከአስተርጓሚ ጋር መጡ፤ አለቃቸው ቀጭን፣ ጫማው የሚያብለጨልጭ መኮንን ነው።

ስለ ፈረሱ ነገርኩት። ስለ ምንጩ፣ ስለ ሸክላው አፈር ነገርኩት። የኔነሽ የተጠቀለለ እጇን አሳየችው። አስተርጓሚው እየተናገረ ሳለ መኮንኑ አቋረጠው።

«ይህ የጣሊያኖች ሠፈር ነው! እዚህ የደፋው ማነው ይላል» አለን አስተርጓሚው።

የጠየቁን ይህንን ብቻ ነው።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«እኔም ነኝ» አለች የኔነሽ። ባሏ አጠገቧ ቆመ።

እኔን በሕዝብ ፊት በአለንጋ ገረፉኝ፤ የአንጥረኛውን ሁለት አህዮች ወረሱበት። ባለ በርሜሉን ግን አንድም ሰው በጣቱ አልነካውም። ጎረቤቶቹ ሽታው ይነሣልን እያሉ ሲጮሁበት ብቻ መኮንኑ ማኪናው አሁኑኑ ወደ አዘዞ እንዲሄድ አዘዘ፤ ከአሁን ወዲያም አንድ ወታደር አብሮ እየወረደ እንዲያይ። ጫኚዎቹ እኛ ሆንን። መሪውን የያዘው ወልዱ አልነበረም፤ ተባሯል አሉኝ፤ የት እንደገባ እስካሁን አላወቅሁም።

በአዘዞ በኩል ወርደን ጉድጓዱ ዳር ቆምን። ያን ያህል ሰው በግዳጅ እየቆፈረ ያለቀሰበት፣ ጥልቅና ሰፊ ጉድጓድ ነው። ወደ ውስጥ አየሁ። አንዲትም ጣሳ አልነበረችበትም። ሣር በቅሎበት ፍየሎች ይግጡበታል።

የኔነሽ ሳቀች፤ መራራ ሳቅ ነው። ጭነቱን ደፍተን ስንጨርስ ቀና ብላ ፀሐይዋን አየች።

«ሰንበት ሊገባብን ነው» አለችና ቀሚሷን ሰበሰበች።

ከአዘዞ እስከ ጎንደር ግማሹን በሩጫ መጣን። እኔ ጀርባዬ እየነደደ ከኋላ ቀረሁ። ቤቴ መታጠፊያ ላይ ስደርስ እሷና ባሏ ዳገቱን ይዘው በጥላው መሐል ሲፈጥኑ አየኋቸው፤ ለስንብት አልቆሙም፤ እኔም አልጠራኋቸውም። ያን ሌሊት በሆዴ ተኝቼ አደርኩ።

በማግስቱ ቅዳሜ ገበያ ላይ ከወገራ በወለቃ በኩል የወረደ አንድ ገብስ ሻጭ አገኘሁ።

«ወለቃ እንዴት ነው?» አልኩት።

«ምን ይሆናል? ሰንበታቸው አይደል፣ ጸጥ ብለዋል» አለ።

«ጥራጊ የጫነ ማኪና አልመጣም?»

«የምን ማኪና?» አለኝ።